የጣሊያን ጥንታዊ ከተሞችን ስትዞሩ፦ ስለ ትራንስፖርት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰኔ ሲቃረብ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ከአገር ቤት ቪዛ ያገኘ አለ። ከዲሲ ለዕረፍት የሚመጣ አለ። ከስቶክሆልም እናቱን ይዞ የሚነሳም አለ። ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ ፍሎረንስና ስለ አካባቢዋ ነው፤ ቶስካናና አጎራባቿ ኡምብሪያ ማለት ነው። ስለ ሥዕሉና ስለ ካቴድራሉ የሚነግራችሁ አታጡም። እኔ የምመልሰው እንዴት ደርሳችሁ እንዴት እንደምትመለሱ ብቻ ነው።

መኪና ልከራይ ወይስ በባቡር ልሂድ?

በባቡር። ፒሳ፣ ሉካ፣ አሬዞ፣ ሲየና፣ ፔሩጃ፣ አሲሲ፣ ኦርቪየቶ፣ ሁሉም የባቡር ጣቢያ አላቸው። እነዚህ ከተሞች የተሠሩት ለእግረኛና ለበቅሎ ነው። መኪና ይዛችሁ ብትሄዱ ከቅጥሩ ውጭ አቁማችሁ በእግር ነው የምትገቡት። ታዲያ መኪናው ለምን አስፈለገ?

መኪና የሚያስፈልገው ለገጠሩ ነው። የኪያንቲን ኮረብታዎች፣ ፒየንዛን፣ ሞንቴፑልቻኖን በአንድ ቀን ማየት ከፈለጋችሁ በአውቶቡስ አይሆንላችሁም። ለዚያ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ኪራይ ይበቃል። መኪናውን ከፍሎረንስ መሃል አትውሰዱ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ውሰዱ። ወይም በባቡር አሬዞ ድረስ ሄዳችሁ ከዚያ ተከራዩ። ምክንያቱን ስለ ቅጣት ካሜራው ስመልስ ታገኙታላችሁ።

በየቀኑ ሆቴል ልቀያይር?

ኧረ በፍጹም። ፍሎረንስ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ጣቢያ አጠገብ አንድ ክፍል ያዙና በየቀኑ ደርሳችሁ ተመለሱ። በተራ ባቡር ፒሳ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አሬዞም እንደዚያው ነው። ሉካ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አካባቢ፣ ሲየና አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል።

አሲሲ ግን ከፍሎረንስ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ደርሶ መልሱ አምስት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። በአንድ ቀን እናድርገው የሚሉ ሰዎች ማታ ላይ ፊታቸው ጠውልጎ ነው የሚመለሱት። ኡምብሪያን ከፈለጋችሁ ፔሩጃ ሁለት ሌሊት እደሩ። ኦርቪየቶን ደግሞ ወደ ሮም ስትመለሱ በመንገዳችሁ እዩት፤ ከሮም አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው።

ጣቢያ አለው ከተባለ ባቡሩ ከተማው መሃል ያወርደኛል?

ይሄን ጥያቄ ሰው ሁሉ ቢጠይቅልኝ ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው ግን የሚያስበው ስለ ባቡሩ ብቻ ነው። የሚያደክማችሁ ባቡሩ ሳይሆን የመጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ናት።

ነገሩ ቀላል ነው። የድሮ ሰዎች ከተማ የሚቆረቁሩት ጠላት እንዳይደርስባቸው ኮረብታ ላይ ነበር። የባቡር ሐዲድ ደግሞ ዳገት አይወድም፤ ሸለቆውን ተከትሎ ያልፋል። ስለዚህ ጣቢያው በከተማው ስም ይጠራል እንጂ ከተማው እላይ ነው። ሽሮ ሜዳ አውርደው «እንጦጦ ደርሳችኋል» እንደማለት ነው።

ሲየና ጣቢያ ስትወርዱ በእግር ወደ ላይ አትጀምሩ። መንገዱን ተሻግራችሁ ፊት ለፊት ባለው የገበያ ማዕከል ግቡ። ከዚያ ተከታታይ ኤስካሌተሮች ወደ ካሞሊያ በር አቅራቢያ ያወጧችኋል። ከበሩ እስከ ትልቁ አደባባይ ሃያ ደቂቃ ያህል የእግር መንገድ ነው፤ መንገዱም ያምራል። እኔ ግን ለሲየና ብቻ ባቡሩን ትቼ ከፍሎረንስ ፈጣኑን አውቶቡስ፣ 131ን፣ እይዛለሁ። ከአንድ ሰዓት ከሩብ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ደግሞ እላይ፣ ለመሃል ከተማው ቅርብ ቦታ ያወርዳል።

ኦርቪየቶ ከሁሉም ይቀላል። ከጣቢያው በር ፊት ለፊት በገመድ የሚሳብ ፉኒኮላሬ አለ። መጀመሪያ የተሠራው በ1888 ሲሆን በውኃ ክብደት ነበር የሚሠራው። በኤሌክትሪክ ታድሶ ዳግም የተከፈተው በ1990 ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ካኤን አደባባይ ያደርሳችኋል። ከአደባባዩ ጎን የቅዱስ ፓትሪክ የሚባለው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጉድጓድ አለ። 248 ደረጃ ወርዳችሁ በሌላ 248 ደረጃ ትወጣላችሁ። ካቴድራሉ ትንሽ ራቅ ይላል፤ ከአደባባዩ ትንንሽ አውቶቡሶች ይሄዳሉ።

ፔሩጃ ላይ ከፎንቲቬጄ ጣቢያ አጠገብ ሚኒሜትሮ አለ። በ2008 የተከፈተ፣ ያለ ሾፌር የሚሄድ ትንሽ ፉርጎ ነው። ልጆች በጣም ይወዱታል። ከሌላ አቅጣጫ ከመጣችሁ ደግሞ ሮካ ፓኦሊና በሚባለው የተቀበረ ምሽግ ውስጥ ኤስካሌተር ተዘርግቷል። ከመሬት ሥር ባሉ ጥንታዊ ጎዳናዎች መሃል ቆማችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። እንዲህ ያለ ኤስካሌተር ሌላ ቦታ አላየሁም።

አሲሲ ጣቢያው ሳንታ ማሪያ ዴሊ አንጄሊ የሚባል ሜዳማ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከላይኛው ከተማ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከጣቢያው ፊት አውቶቡስ አለ። የደርሶ መልስ ትኬቱን እዚያው ጣቢያው ውስጥ ካለው ሱቅ ግዙ። ለመሳለም የምትሄዱ ከሆነ ግን ለመውጣት አትቸኩሉ። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ይጸልይባት የነበረችው ትንሿ ቤተ መቅደስ የምትገኘው እዚሁ ታች፣ በትልቁ ባዚሊካ ውስጥ ነው።

ፒሳ ሜዳ ነው፤ ግን ከዋናው ጣቢያ እስከ ዘመመው ግንብ ከሃያ ደቂቃ በላይ ያስኬዳል። ባቡራችሁ ፒሳ ሳን ሮሶሬ የሚቆም ከሆነ እዚያ ውረዱ፤ ግንቡ አፍንጫችሁ ሥር ነው። ከሉካ የሚመጡት ብዙዎቹ እዚያ ይቆማሉ። ሉካ ደግሞ ጣቢያው ከከተማው ቅጥር ፊት ለፊት ነው፤ ምንም ጣጣ የለውም።

ትኬት አስቀድሜ ልግዛ?

እንደ ባቡሩ ዓይነት ነው። ፍሬቻሮሳና ኢታሎ የሚባሉት ፈጣን ባቡሮች እንደ አውሮፕላን ናቸው። አስቀድሞ የገዛ ይረክስለታል፤ የዘገየ ይወደድበታል። ከሮም ፍሎረንስ በእነሱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

ሬጆናሌ የሚባለው ተራ ባቡር ዋጋው አንድ ነው። ዛሬም ብትገዙ ከወር በፊትም ብትገዙ ለውጥ የለውም። የወንበር ቁጥርም የለውም፤ ክፍት ባገኛችሁበት ትቀመጣላችሁ። ከላይ የዘረዘርኳቸው ከተሞች በሙሉ በዚህ ይደረሳሉ። ስለዚህ ጠዋት ተነስታችሁ ሰማዩን አይታችሁ ወስኑ። ይሄን ነፃነት በኢንተርኔት አስቀድሞ በመግዛት አታባክኑት።

ከማሽኑ ስትገዙ «ልርዳችሁ» ብሎ የሚጠጋ ሰው ካለ አመስግናችሁ ሸኙት። ትልልቅ ጣቢያዎች ላይ ኪስ አውላቂዎች አሉ።

ትኬት እያለኝ ለምን ተቀጣሁ?

ስላልመታችሁት ነው። በወረቀት የተገዛ የሬጆናሌ ትኬት ከመሳፈር በፊት መመታት አለበት። በመሳፈሪያው መግቢያ ወይም ምሰሶ ላይ ትንሽ ማሽን አለች። ትኬቱን ስታስገቡ ቀንና ሰዓት ትመታበታለች። ያልተመታ ትኬት እንዳልተገዛ ነው የሚቆጠረው። ከተመታ በኋላ ለአራት ሰዓት ይሠራል።

ተቆጣጣሪዎቹ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። «እንግዳ ነኝ፣ አላወቅሁም» የሚለውን በየቀኑ ሲሰሙ ነው የሚውሉት። ማሽኗ ከተበላሸች ቀኑንና ሰዓቱን በእስክሪብቶ ጻፉበትና ተቆጣጣሪው ሳይመጣባችሁ እናንተ ሄዳችሁ ንገሩት። ቅደም ተከተሉ ብዙ ለውጥ አለው።

በስልክ የገዛችሁት ከሆነ ቼክ ኢን ይጠይቃችሁ እንደሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት እዩ። የፈጣን ባቡር ትኬት ግን ሰዓቱና ወንበሩ ስለተወሰነ መምታት አያስፈልገውም።

ባቡር የሌለበት ሳን ጂሚኛኖ እንዴት ይደረሳል?

ከፍሎረንስ በባቡር ፖጂቦንሲ ትወርዳላችሁ። ከጣቢያው ፊት 130 ቁጥር አውቶቡስ ይዛችሁ ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ ትሄዳላችሁ። ሳን ጆቫኒ የሚባለው በር ላይ ያወርዳችኋል። የድሮ ሀብታሞች ለፉክክር ከሠሯቸው ግንቦች ዛሬም የቆሙት 14 ናቸው፤ ገና ከአውቶቡሱ መስኮት ይታያሉ።

ችግሩ መመለሻው ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት እሑድ ነበር። ፌርማታው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አየሁ፤ አውቶቡሱ 18:40 ላይ አለ። አይስክሬሜን ይዤ ተዝናንቼ መጣሁ። አውቶቡስ የለም። ሰሌዳውን ደግሜ ሳነበው ያየሁት የሥራ ቀኑን ዓምድ ነው። የእሑዱ የመጨረሻ አውቶቡስ ከሄደ ቆይቷል። በታክሲ ፖጂቦንሲ ተመለስኩ። የከፈልኩትን ዛሬም ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

ስለዚህ ሰሌዳ ላይ ሁለት ቃል ፈልጉ። ፌሪያሌ ማለት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው፤ አዎ፣ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው። ፌስቲቮ ማለት እሑድና በዓላት ነው። ስኮላስቲኮ የሚል ካያችሁ ደግሞ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አይሠራም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አትጠብቁት። ኦገስት 15 ትልቅ በዓላቸው ስለሆነ እንደ እሑድ ቁጠሩት።

ከአገር ቤት ለምትመጡ አንድ ነገር ልጨምር። ሰሌዳው ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 18:40 ማለት ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ40 ነው። እንደደረሳችሁ ስልካችሁን ወደዚህ አቆጣጠር ቀይሩና የሁለቱን ሰዓት ሒሳብ ተገላገሉ።

የአውቶቡስ ትኬት በትልቅ ቲ ፊደል ምልክት ከሚታወቁት ታባኪ ከሚባሉ ሱቆች ይገዛል። እሑድ ከሰዓት ብዙዎቹ ዝግ ናቸው። የመመለሻውንም አብራችሁ ግዙ።

ከአዲስ አበባ ሮም አርፌ ፍሎረንስ እንዴት ልሂድ?

ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ሮም ቴርሚኒ ያደርሳችኋል። ከዚያ ፈጣኑን ባቡር ያዙ። በቀን ጥቂት ፈጣን ባቡሮች ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ፍሎረንስ ስለሚሄዱ መጀመሪያ እነሱን እዩ። በረራ ሊዘገይ ይችላል፤ ከማረፊያ ሰዓታችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ተዉ። ቴርሚኒ ላይ ሰዓት ከተረፋችሁ አካባቢው የሐበሻ ምግብ ቤት አያጣም። ቁርስ በልታችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

የአገሬ መንጃ ፈቃድ ይሠራል?

የአውሮፓ ኅብረት መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ምንም አይጨምርም። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የያዘ ግን ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ወይም ሕጋዊ የጣሊያንኛ ትርጉም አብሮ መያዝ አለበት። አከራዩ ላይጠይቃችሁ ይችላል። መንገድ ላይ የሚያስቆማችሁ ፖሊስ ግን ይጠይቃል።

አብዛኞቹ አከራዮች በሾፌሩ ስም የተመዘገበ ክሬዲት ካርድ ይፈልጋሉ። ዴቢት ካርድ ይዞ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ደግሞ ብዙው መኪና ባለ ማርሽ ነው። አውቶማቲክ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ከተመለስኩ ከወራት በኋላ የቅጣት ደብዳቤ መጣብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?

ዜታ ቲ ኤሌ ውስጥ ገብታችሁ ነው። የተከለለ የትራፊክ ቀጠና ማለት ነው። ፍሎረንስ፣ ፒሳ፣ ሲየና፣ ሉካ፣ ሁሉም ጥንታዊው መሃላቸው ለነዋሪና ፈቃድ ላለው ብቻ ነው። በር የለውም፤ ጠባቂ የለውም፤ የሚያስቆማችሁም የለም። ክብ ቀይ ቀለበት ያለው ነጭ ምልክትና ካሜራ ብቻ ነው ያለው። ካሜራው ታርጋችሁን አንስቶ ዝም ይላል።

አንድ ጊዜ ማለፍ ከ80 ዩሮ በላይ ያስቀጣል። ክፋቱ የሚቆጠረው በየግባቱ ነው። አንድ ከዲሲ የመጣ ጓደኛዬ ሆቴሉን ሲፈልግ አንዱን መንገድ ሦስት ጊዜ ዞረበት። ሦስት ደብዳቤ መጣለት። በዚያ ላይ አከራዩ ስሙን ለፖሊስ ለሰጠበት ብቻ ሌላ ክፍያ ከካርዱ ቆረጠ። ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ደብዳቤው እስከ 360 ቀን ድረስ ሊላክ ስለሚችል፣ ከዓመት በኋላ ፖስታ ሳጥናችሁ ውስጥ ብታገኙት አይግረማችሁ። እንደደረሳችሁ በአምስት ቀን ውስጥ ከከፈላችሁት 30 በመቶ ይቀነሳል።

የሰሌዳውን መብራት አንብቡ። ቫርኮ አቲቮ ካለ ክልከላው እየሠራ ነው፤ አትግቡ። ቫርኮ ኖን አቲቮ ካለ ክፍት ነው። ብዙ ሰው «አቲቮ»ን «ክፍት» ብሎ ተርጉሞ ይገባል። ካርታው በስልክ «ግባ» ስላላችሁም አትመኑት። ሆቴላችሁ ቀጠናው ውስጥ ከሆነ ከመድረሳችሁ በፊት ደውላችሁ ታርጋውን አስመዝግቡ። ተመዝግቧል የሚለውን በጽሑፍ ተቀበሉ።

መኪና የት ላቁም?

ቀለሙን እዩ። ነጭ መስመር ነፃ ነው፣ አንዳንዴ የሰዓት ገደብ ቢኖረውም። ሰማያዊ የሚከፈልበት ነው። ቢጫ ለነዋሪና ለአካል ጉዳተኛ የተያዘ ስለሆነ አትንኩት።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። የትኛው ከተማ ይሻላታል?

ሉካ። ዓይኔን ሳላሽ። ከተማው ሜዳ ነው። የከተማው ቅጥር ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ ላዩ ደግሞ ዛፍ የተተከለበት ሰፊ መንገድ ነው። አግዳሚ ወንበር ሞልቶታል። እሷ ከዛፍ ሥር ስትቀመጥ እናንተ ብስክሌት ተከራይታችሁ ዙሩት።

ቀጥሎ ኦርቪየቶ ይሻላል፤ በፉኒኮላሬው ምክንያት። ጉድጓዱን ግን ይቅርባት። ሲየና ጠመዝማዛና ዳገት ቁልቁለት ነው። ከሄዳችሁም ጁላይ 2 እና ኦገስት 16 አይሁን። በእነዚያ ቀናት ፓሊዮ የሚባለው የፈረስ እሽቅድምድም ስለሚካሄድ ከተማው ጢም ይላል። ለጤነኛም ያስቸግራል።

ሻንጣዬን ምን ላድርገው?

ፍሎረንስ ጣቢያ ውስጥ ማስቀመጫ አለ። ትንንሾቹ ጣቢያዎች ላይ ግን አትቁጠሩበት። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ የሻንጣ ጎማ ይሰበራል። የጀርባ ቦርሳ ያዙ።

በሄድኩበት ቀን አድማ ቢሆንስ?

ሾፔሮ ይሉታል፤ ያጋጥማል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ ስለሚታወጅ ማታ ማታ ዜናውን እዩ። በሥራ ቀን ከ6:00 እስከ 9:00 እና ከ18:00 እስከ 21:00 የተወሰኑ የሬጆናሌ ባቡሮች በሕግ መሄድ አለባቸው። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም ከ12 እስከ 3 ሰዓት ናቸው፤ አንዱ የጠዋት፣ አንዱ የማታ። በጠዋቱ ሄዳችሁ በማታው ተመለሱ።

ጣሊያንኛ አልችልም። እቸገራለሁ?

ሳታውቁት ግማሹን ትችላላችሁ። ማኪና፣ ጎማ፣ ፌርማታ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፒያሳ፣ ሁሉም የእነሱ ነው። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር «ፌርማታ?» ስለው መልሱን በፍጥነት አዥጎደጎደልኝ፤ ጣሊያንኛ የምችል መስሎት።

የሚጎድሏችሁ ጥቂት ናቸው። ፓርቴንዜ መነሻ፣ አሪቪ መድረሻ፣ ቢናርዮ የመሳፈሪያው ቁጥር ነው። ሪታርዶ ካለ ዘግይቷል። ሶፕሬሶ ካለ ተሰርዟል፤ የሚቀጥለውን እዩ። የቢናርዮው ቁጥር አንዳንዴ በመጨረሻው ደቂቃ ይቀየራል። ስለዚህ ቡናችሁን ሰሌዳው በሚታይበት ቦታ ሆናችሁ ጠጡ።